የሐዲያው ገራድ ልጅ ግንብ

ሆሣዕና ስሟን ያገኘችው ከበዓል ነው። ቀድሞ ዋቻሞ ይባል የነበረው ስፍራ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የራስ አባተ ቧያለው ከተማ ሲሆን የሆሣዕናን በዓል ስም ተቀበለ። ይሁንና "እስቲ ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያናችሁን አሳዩኝ" ብሎ ለሚመጣ እንግዳ የምናሳየው ሁሉ ከከተማዋ ዕድሜ እምብዛም አያልፍም። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ አንጋጫም እንደዚያው ናቸው። በከተሞቻችን የምናያቸው የኦርቶዶክስ ደብሮች ከአዲሱ አስተዳደር ጋር የተተከሉ ናቸው። የወንጌላውያኑ ጸሎት ቤቶች በ1920ዎቹ መጨረሻ ከገባው ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በኋላ፣ የካቶሊኮቹም ከካፑቺን አባቶች ስብከት በኋላ የተሠሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ሰው ስለ አገሩ ጥንታዊነት ሲጠየቅ ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ድንጋይ ነው። አክሱም ሐውልቱን፣ ላሊበላ ውቅሩን፣ ጎንደር ግንቡን ያሳያል። የእኛ አባቶች ደግሞ ቤታቸውን በእንጨት ማግረው፣ በቃጫ አስረው፣ በሣር ከድነው ነው የኖሩት። ሣር ይበሰብሳል፣ እንጨት በምስጥ ይበላል፣ ቃጫም ይበጠሳል። ከዚህም የተነሣ በእኛ አካባቢ የተማረው ሰው ሳይቀር "እኛ የሚታይ ታሪክ የለንም" ሲል እሰማለሁ። ይህ አባባል ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ምክንያቱም በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መባቻ በኢትዮጵያ ከታነጹት የድንጋይ ሕንፃዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱን ያሠሩት የሐዲያ ገዥ ልጅ ናቸው። ሕንፃው የሚገኘው ግን ሐዲያ ውስጥ አይደለም። ዓባይን ተሻግሮ ምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ በመርጡለ ማርያም ግቢ ውስጥ ነው።

ለመሆኑ የሐዲያ ልጅ ጎጃም ምን አደረሳት? የሐዲያ ልጅነቷስ በዚያ ድንጋይ ላይ ይነበባል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ያኔ ሐዲያ ማን ነበር?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። የያኔው ሐዲያ የዛሬው የሐዲያ ዞን ማለት አይደለም። ያኔ ሐዲያ የሚባለው አገር ከዛሬው እጅግ የሰፋና ወደ ምሥራቅ ርቆ የተዘረጋ ነበር። ሕዝቡ ዛሬ ወዳለበት ስፍራ የተሰበሰበው ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ ነው። ስለዚህ "የእሌኒ አባት ግቢ እዚህ ኮረብታ ላይ ነበር" ብሎ ጣቱን ለመቀሰር የሚከጅል ሰው ቢኖር ይታገሥ።

በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ሐዲያን ከሰባቱ የእስልምና ግዛቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ርዝመቱ የ8 ቀን፣ ስፋቱ የ9 ቀን መንገድ ነው ይላል። ንጉሡ 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፣ እግረኛውም ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ይነግረናል። ሕዝቡ "ሐኩና" በሚባሉ መርፌ በሚያህሉ የብረት ቁርጥራጮች እንደሚገበያይም ጽፏል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው ብንል እንኳ የሚሰጠን ሥዕል ግልጽ ነው። ሐዲያ ገበያ፣ ገንዘብና ሠራዊት ያለው፣ ጎረቤት የሚፈራው አገር ነበር።

ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ግን የግብርና የእንቢታ ታሪክ ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ላይ አማኖ የሚባል የሐዲያ ንጉሥ አንድ ነቢይ ነኝ ባይ መክሮት ግብር አልሰጥም ማለቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ዘምተው አገሩን መምታታቸውና ሕዝቡን መማረካቸው ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሐዲያ ሲገብር፣ ሲያምፅ፣ እንደገና ሲገብር ኖረ። ግብሩ ፈረስና ከብት ብቻ አልነበረም። ሴት ልጅም ግብር ነበረች። በሁለት ቤት መካከል የሚደረግ ጋብቻ ውል ነው፤ ኃያሉ ቤት ሲጠይቅና ደካማው ቤት ሲሰጥ ግን ውሉ ምን ያህል በፈቃድ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

በዚህ መንገድ ነው የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ወደ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) ቤተ መንግሥት የገባችው። ክርስትና ተነሥታ እሌኒ ተባለች። ስሙ ዝም ብሎ የተሰጠ አይመስለኝም። የዘርአ ያዕቆብ የመንግሥት ስም ቈስጠንጢኖስ ነው። የሮሙ ቈስጠንጢኖስ እናት እሌኒ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መስቀሉን ያገኘች፣ በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ያሠራች ንግሥት ናት። የሐዲያዋ ልጅ ይህን ስም ስትቀበል፣ ስሙ ከጊዜ በኋላ የሥራ ትእዛዝ እንደሚሆንባት ያኔ ማን ያውቃል?

ወንድምና እኅት

በቤተ መንግሥቱ እሌኒ "ቀኝ በዓልቴሐት" የሚለውን ማዕረግ ያዙ። ከንጉሡ ባለቤቶች የቀኙ ወንበር የእሳቸው ነበር ማለት ነው። ትልቅ ክብር ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ንጉሥ ጊዜ፣ በትውልድ አገራቸው የሆነውን ነገር ዜና መዋዕሉ አልደበቀም።

ገራድ መሐመድን የተካው ልጁ ማሒኮ ነበር። ማሒኮ ግብር አልልክም፣ እጅ መንሻም አልመጣም አለ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ሥልጣኑን ገፍፈው ለአጎቱ ለባሞ ሰጡት። ማሒኮ ወደ አዳል ሊሻገር ሲሸሽ የንጉሡ ወታደሮች ደርሰውበት ተገደለ። የመሐመድ ልጅ ነበርና ለእቴጌይቱ ወንድማቸው መሆኑ ነው። ባልየው የገዛ ሚስቱን ወንድም አስገደለ። እቴጌ እሌኒ ግን ከቀኝ ወንበራቸው አልተነሡም።

በእኛ አገር ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጡ እሰማለሁ። አንዳንዱ "የወገኗን ደም ረስታ በገዳዩ ቤት የኖረች" ይላል። ሌላው ደግሞ "ምን ታድርግ፤ ምርኮኛ ናት" ይላል። ሁለቱም ፍርድ ቸኩሏል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው እንቢ የማለት አቅም ያልነበራትን ወጣት እንደ ነፃ ሰው ይከሳታል። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚያህል ጊዜ በኢትዮጵያ ፖለቲካ እንብርት ላይ የቆሙትን ሴት እንደ ዕቃ ይቆጥራቸዋል። ምርኮኛ አገር አይመራም። እሳቸው ግን መርተዋል።

ዘርአ ያዕቆብ ሲሞቱ የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) እናታቸውን በልጅነት ያጡ ነበሩና እሌኒን በእናት ወንበር አስቀመጧቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እቴጌይቱ በሃይማኖት ትምህርትም፣ በሕግም፣ በቤተ መንግሥት ሥርዐትም የተራቀቁ መሆናቸውን አመስግኖ ያትታል። ከእስላም ቤት የመጣች ልጅ በሕይወቷ አጋማሽ የክርስትና ዕውቀት ምስክር ተሰጣት። ከዚያ በእስክንድር ዘመን፣ በናዖድ ዘመን ድምፃቸው ሳይጠፋ ቆየ። ልብነ ድንግል በ1508 በልጅነታቸው ሲነግሡ የመንግሥቱ ሞግዚት ሆኑ። ፖርቱጋላዊው ደራሲ ዳምያን ደ ጎይሽ እንደጻፈውም ሁለት የምስጋና መጻሕፍት ደርሰዋል፤ አንዱ "ጸዳለ ፀሐይ" ይባላል።

በሞግዚትነታቸው ዘመን የሠሩት ታላቁ ሥራ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ከደብዳቤና ከግማደ መስቀሉ ተከፍሎ ከተሠራ መስቀል ጋር ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ወደ ማኑኤል መላካቸው ነው። ማቴዎስ በ1512 ጎዋ ደረሰ፣ በ1514 ሊዝበን ገባ። በመንገድ ሰላይ ነህ ተብሎ ብዙ ተጉላልቷል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ከእነዚያ መልእክተኞች አንዱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበር። ስለ እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ከተጻፈው ዋናውን የምናገኘው ከእሱ ነው።

መርጡለ ማርያም

መርጡለ ማርያም በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እቴጌ እሌኒን በብዙ መቶ ዓመታት ትቀድማለች። መሠረቷን አብርሃና አጽብሐ እንደጣሉ፣ ከዚያም በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩ ስፍራዎች አንዷ እንደነበረች ይነገራል። አለቃዋም "ርእሰ ርኡሳን" ተብሎ ነው የሚጠራው። እንግዲህ እሌኒ የሠሩት ባዶ መሬት ላይ አልነበረም፤ ከሁሉ አንጋፋ ነኝ በሚል ደብር ላይ ነው። አስተዋይነታቸው እዚህ ላይ ይታየኛል። ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ ደብር ቢተክል "የእንግዳዋ ደብር" ይባልበታል። ጥንታዊውን ያደሰ ግን ከጥንቱ ይቆጠራል።

ስፍራውንም ያለ ነገር አልመረጡትም። ጎጃም በዘመኑ የእቴጌይቱ ግዛት፣ ግብር የሚበሉበት አገር ነበር። ከዚያ ግብር ብዙው ድንጋይ ሆነ። ስለ ውስጡ የምናውቀው አልቫሬዝ ከሌላ ፖርቱጋላዊ፣ ከፔድሮ ደ ኮቪልያም አፍ የሰማውን ነው። ኮቪልያም በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ሰው ነው። እቴጌይቱ ጠርተውት የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይ አዘዙት። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተለበጠ፤ በላዩ የሚቀመጠው ጽላት ደግሞ ራሱ ወርቅ ነበር። አስቡት! ከሐዲያ የመጡ ንግሥት፣ ከፖርቱጋል የመጣ ባለሙያ፣ በጎጃም ተራራ ላይ አንድ መንበር ሲሠሩ።

ስለ ሕንፃው ቅርጽ ለማስረዳት በመጀመሪያ ዛሬ በየገጠሩ የምናውቀውን ቤተ ክርስቲያን እናስታውስ። ክብ ነው፤ ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ መካከሉ ቅድስት፣ እምብርቱ አራት ማዕዘን መቅደስ። ምእመኑ መቅደሱን ዙሪያውን ይከበዋል። ይህ ዓይነቱ አሠራር እየገነነ የመጣው ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ከአክሱም የወረሱት ረጅም አራት ማዕዘን ቅርጽ ነበራቸው። በምዕራብ ይገባል፤ ዓይን በቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቅደሱ ይጓዛል። የመርጡለ ማርያም ግንብ የዚህ የቀድሞው ወገን ነው።

ከሌሎቹ የሚለየው ግን ጌጡ ነው። የተጠረቡት ድንጋዮች ፊታቸው ባዶ አይደለም። ጽጌረዳ የሚመስሉ ክብ ጌጦች፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሐረጎች፣ መስቀሎች ተቀርጸውባቸዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሐረግ የምናውቀው በብራና መጽሐፍ ግንባር ላይ፣ በቀለም ተስሎ ነው። እዚህ ግን በመሮ ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ጠራቢዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው የሚል ወሬ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን ሰምተዋል። ከየትም ይምጡ፣ ይህን የመሰለ ጌጥ ያዘዘ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ እንዲታይ ብቻ ሳይሆን ከቅርብ እንዲነበብም ፈልጓል።

እቴጌ እሌኒ በ1522 ዓረፉ፤ በዚያው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። አልቫሬዝ በአገሩ ነበርና የሕዝቡን ሐዘን ጽፎታል። ሰው ሁሉ የእናትና የአባት ያህል መከታ እንዳጣ ተሰማው። ልጅ ያልወለዱ ሴት የአገር እናት ተብለው ተለቀሱ።

ሁለተኛዋ የሐዲያ ልጅ

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል።

የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ነሣ። በተከታዮቹ ዓመታት በወርቅ ያሸበረቁት የነገሥታት ደብሮች አንድ በአንድ ጋዩ። መርጡለ ማርያምም ዕጣዋ ይኸው ሆነ። ወርቁ ተወሰደ፣ ጣራው ተቃጠለ።

በዚያው ጦርነት ሐዲያ የት ነበር? የኢማሙ ዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ ይነግረናል። የሐዲያው ገዥ ለኢማሙ ገብሮ ልጁን ዳረለት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ጋብቻዎች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንድ የሐዲያ ገዥ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ልጁን ሰጠ። ከሦስት ትውልድ ገደማ በኋላ ሌላው የሐዲያ ገዥ ለእስላሙ ኢማም ልጁን ሰጠ። የመጀመሪያዋ ልጅ ያነጸችውን ግንብ የሁለተኛዋ ባል ጦር አቃጠለው።

ስለ ሃይማኖት ጦርነት ሲወራ ሁለት ወገን ብቻ የነበረ ይመስለናል። በሁለቱ መካከል የነበረው አገር ግን የራሱ ስሌት ነበረው። ኃያል ሲመጣበት ይዋጋል፤ መዋጋት ሲያቅተው ይገብራል፤ ግብሩ አልበቃ ሲል ልጁን ይድራል። ማሒኮ በጦር፣ አባቱ በጋብቻ የሞከሩት ያንኑ አንድ ነገር ነው፦ አገራቸውን ለራሳቸው ማቆየት። እሌኒን የወገን ከዳተኛ፣ ሁለተኛዋንም የጠላት ሚስት የሚል ሰው ይህን ስሌት አልተረዳውም።

ግንቡ ግን በዚህ አላበቃለትም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ ኢየሱሳዊው ብሩኖ ብሩኒ በፍርስራሹ ላይ ለካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመረ፤ የእሌኒ ዘመን የተቀረጹ ድንጋዮችም እንደገና በግንቡ ውስጥ ገቡ። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋናቸውን ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ፤ ደብሩ ወደ ጥንቱ ሃይማኖቱ ተመለሰ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ግንቡን የሚያጠና ሰው ይህ ድንጋይ የእሌኒ ነው፣ ይህ ኖራ የብሩኒ ነው እያለ መለየት ግድ ይሆንበታል። በ1842 እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ፍርስራሹን አይቶ ዝርዝር መግለጫ ጻፈለት። ዛሬም ግድግዳዎቹ በደብሩ ግቢ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

ታዲያ ግንቡ የማን ነው?

"የእኛ ልጅ ስለሠራችው የእኛ ነው" ማለት ለሆሣዕና ሰው ቀላል ነው። ግን ልክ አይመጣም። ድንጋዩን የተሸከመው፣ ግብሩን የከፈለው የጎጃም ገበሬ ነው። ከእሳት የተረፈውን አምስት መቶ ዓመት የጠበቁት የመርጡለ ማርያም ካህናት ናቸው። በአንጻሩ "የጎጃም ቅርስ ነው" ብሎ የሐዲያን ስም መዝለልም ልክ አይመጣም። በብዙ መግለጫ ላይ "በእቴጌ እሌኒ የታነጸ" የሚል አነባለሁ፤ እሌኒ የማን ልጅ እንደነበሩ ግን አይጻፍም። አባቷ የተሰረዘባት ሴት ከሰማይ የወረደች ትመስላለች። የገራድ መሐመድን ስም ማውጣት ግንቡን ከጎጃም አያስነሣውም፤ ታሪኩን ግን ሙሉ ያደርገዋል።

የእኛም ስሕተት አለ። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች የባህል ቀን ሲከበር የምናወሳው ስለ ፈረስ፣ ስለ ጀግንነትና ስለ እንሰት ነው። መልካም ነው። ግን በ1514 ሊዝበን የደረሰውን ደብዳቤ ያስጻፉት ሴት የሐዲያ ልጅ መሆናቸውን ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃል? አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ወሬ ብቻ ይሰማ በነበረበት ዘመን መልእክተኛ ልከው በሩን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ያንን በር ማንኳኳታቸው ከሞቱ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ክርስቶፎሮስ ደ ጋማንና ጦሩን አመጣ፤ ጦርነቱም መልኩን ለወጠ።

በበኩሌ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሆሣዕና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ስሙም ዋቸሞ ነው። ደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ አላት። የሁለቱ የታሪክና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አንድ ክረምት አብረው መርጡለ ማርያም ቢቀመጡ፣ የተቀረጹትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ቢለኩ፣ ቢስሉ፣ ፎቶግራፍ ቢያነሡ፣ የእሌኒን ከብሩኒ ለይተው ቢመዘግቡ፣ ዝናብ በየዓመቱ የሚያጥበው ጌጥ ቢያንስ በወረቀት ላይ ይተርፋል። ከግንቡ አጠገብም የአሠሪዋን ስም ከነአባታቸው የሚገልጽ አንድ ሰሌዳ ቢቆም ወጪው ኢምንት ነው። በሰሌዳው ላይ "እቴጌ እሌኒ፣ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ" ተብሎ ቢጻፍ፣ ከደብሩ ለመሳለም የሚመጣው የጎጃም ሰውም፣ ከሆሣዕና ተነሥቶ የሚመጣው ተማሪም፣ ሁለቱም የሚያነቡት አዲስ ነገር ያገኛሉ።